ቁልፉ ማን እጅ ነው?

የገንዘቡ መፈቀድ የተገለጸበት ደብዳቤ የደረሰን ዕለት ቢሮው ውስጥ ቡና ተፈላ። ያገኘኝ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ይህን የምጽፈው ዛሬ ያንን ቡና እየጠጣችሁ ላላችሁ ነው፤ ለትምህርት ቤት ስፖርት የእርዳታ ገንዘብ አግኝታችሁ ከባዱ ነገር ያለፈ ለመሰላችሁ። ኳስ ገዝቶ ለልጅ መስጠት ምን ይከብዳል? እኔም ያኔ እንደዚያ ነበር ያልኩት። ያኔ የማውቃቸው አንዳንድ ሜዳዎች በአማራ ክልሉ ግጭት ምክንያት ልጅ ከረገጣቸው ሰንብተዋል። ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ገንዘብ ተከትሎ ይመጣል፤ ያን ጊዜ እኔ የተሳሳትኩትን ሌላ ሰው ባይደግመው ደስ ይለኛል።

በሙያዬ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። በ2011 ዓ.ም. አንድ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት ከውጭ ለጋሽ ገንዘብ አግኝቶ በስምንት ትምህርት ቤቶች የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትን የሚያጠናክር የሁለት ዓመት ፕሮጀክት ሲጀምር አስተባባሪ አድርጎ ቀጠረኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በእጄ ይዤ የማውቀው ፊሽካ ነው። የክፍያ ማዘዣ ምን እንደሚመስል እንኳ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ የሳትኩት የቀን መቁጠሪያውን ነው። የለጋሹ በጀት ዓመት ከጥር እስከ ታኅሣሥ ይሄዳል፤ የመንግሥት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ መስከረም ከፍቶ ሰኔ ይዘጋል። እኔ ዕቅዱን የሠራሁት በለጋሹ ሩብ ዓመታት ነው። በመጀመሪያው ሩብ ሥልጠና፣ በሁለተኛው ግዥ፣ በሦስተኛው የትምህርት ቤቶች ውድድር ብዬ በሰንጠረዥ ደርድሬ ላክሁ። ሦስተኛው ሩብ ማለት እኮ ሐምሌና ነሐሴ ነው! ልጆቹ ቤታቸው፣ ሜዳው ጭቃ፣ ደመናው ጮቄን ሸፍኖ የሚውልበት ወቅት። ከአዲስ አበባ ዕቅዱን ያጸደቀው ሰው አላስተዋለም፤ እኔ ግን እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው አስተምሬ፣ አላስተዋልኩም። ወረቀት ፊት ሲቀመጥ ሰው ያደገበትን ክረምት ይረሳል።

ገንዘቡም የገባው ዘግይቶ፣ በሚያዝያ ነው። በግንቦት መጨረሻ ግሬደር ተከራይተን የሁለት ትምህርት ቤቶችን ሜዳ አስተካከልን። ፎቶው ያምራል፤ እስከ ዛሬ አለኝ። አፈሩ ግን ጥቁር መረሬ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲያገኝ ጫማ ይዞ ይቀራል። ሣሩን ገፈን ባዶውን ለሰኔ ዝናብ ሰጠነው። መስከረም ላይ ስመለስ አንደኛው ሜዳ መሐል ለመሐል ጎርፍ ቦይ አውጥቶበት አገኘሁት። ሜዳ የሚያስተካክል ሰው በጥር ይሥራው፤ ከላይ በኩል የውኃ መውረጃ ያስቆፍር፤ ከዝናቡ በፊት ሣር መልሶ ያልብሰው። ይህን የነገረኝ መሐንዲስ ሳይሆን በትምህርት ቤቱ አጠገብ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ የነገረኝም ሜዳው ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ቀድሜ አልጠየቅሁትማ።

በሌላው ትምህርት ቤት ያጋጠመኝ የባሰ ነበር። ሜዳው በእሾህ ታጥሯል። ርዕሰ መምህሩን "ልጆቹ የት ይጫወቱ?" ብዬ ተቆጣሁ። ሰውየው ሳይመልስልኝ የውስጥ ገቢ መዝገቡን አውጥቶ ፊቴ ዘረጋው። የግቢው ሣር በየዓመቱ በጨረታ ይሸጣል፤ ጠመኔው፣ የጥበቃው ደመወዝ ማሟያ፣ የጣሪያው ጥገና ከዚያ ነው የሚወጣው። ሣሩ እስኪታጨድ ድረስ ልጅ አይረግጠውም። እኔ ሜዳ ያልኩት ለእሱ የገንዘብ ሣጥን ነበር። ተጨቃጭቀን፣ ከወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ጋር ሁለት ጊዜ ተቀምጠን፣ ሣሩ ከሚሳሳበት ጥግ አንድ የመረብ ኳስ ሜዳ የሚሆን 18 በ9 ሜትርና ዙሪያውን መሮጫ ከአጥሩ ውጭ እንዲቀር ተስማማን። እናንተ ዕቅድ ከመጻፋችሁ በፊት "ይህ መሬት ለትምህርት ቤቱ ምን ያስገባል?" ብላችሁ ጠይቁ።

ግዥውን በአጭሩ ልለፈው። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበን በጣም ርካሹን መረጥን፤ ደንቡም ያንን ይላል። ነገር ግን ደንቡ መስፈርቱን ያሟላውን ርካሽ ነው የሚለው፤ እኛ መስፈርት አልጻፍንም ነበር። "እግር ኳስ፣ ብዛት 48" ብለን ብቻ ጠየቅን፤ ኮሸሽላ በነካው ቁጥር የሚተነፍስ ኳስ መጣልን። ለትልልቆቹ ቁጥር 5፣ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ከ12 ዓመት በታች ላሉት ቁጥር 4፣ ስፌቱ እንዲህ ያለ ብላችሁ ጻፉ፤ ናሙናም አስቀርቡ። መንፊያና መርፌ አትርሱ። እኛ ለስምንት ትምህርት ቤት ሁለት መንፊያ ነበረን፤ በጣም ርካሿ ዕቃ ሁሉንም አስቁማ ታውላለች። ግብርም አለ፤ በዚያን ጊዜ ከ10,000 ብር በላይ በሆነ የዕቃ ግዥ ላይ ከሻጩ ክፍያ 2 በመቶ ቀንሶ ለገቢዎች ማስገባት የገዢው ግዴታ ነበር። አላወቅሁም፤ ከነመቀጮው ከፈልን። መቶኛውና የሚጀምርበት የብር መጠን ስለሚቀያየር ከግዥው በፊት ገቢዎች ሄዳችሁ አረጋግጡ።

በኅዳር 2012 የሆነውን ግን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ሁሉን ነገር የቀየረው እሱ ነው።

እስከዚያ ወር ድረስ ትምህርት ቤቶቹን የምከታተለው በስልክ ነበር። ምክንያቱም አሳፋሪ ነው። ፕሮጀክቱ በጀመረበት ዓመት የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ እኔም የሞተር ብስክሌቱን ነዳጅ ሁሉ አስተዳደራዊ ወጪ ነው ብዬ ፈርቼ ቀነስኩት። አዋጁ የሚገድበው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የማይገናኘውን ወጪ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሄዶ ማየት ራሱ ሥራው ነው። ለማየት የሚያስፈልጋችሁን ነዳጅ አትሠሥቱበት።

እናም አንድ ቀን ሳልናገር ሄድኩ። አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ስድስተኛ ክፍሎች ሜዳ ላይ ናቸው። ከሩቅ ሲሯሯጡ ሳይ ደስ አለኝ። ቀረብ ስል የሚጫወቱት በጨርቅ ኳስ ነው፤ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ቡትቶ ተጠቅጥቆ በሲባጎ የታሰረ። መምህሩን የሰጠናችሁ ኳስ የት ገባ ብዬ ስጠይቀው ዓይኑን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ላከ።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። በሩን ከፈቱልኝ። ስድስቱ ኳሶች ከነላስቲካቸው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ተንፍሰው ጎድጉደዋል። መረቡን አይጥ በልቶታል። የመዝለያ ገመዶቹ እንደተጠቀለሉ አቧራ ለብሰዋል። እኔ ለለጋሹ "48 ኳሶች ለ8 ትምህርት ቤቶች ተሰራጭተዋል" ብዬ ሪፖርት አድርጌ ነበር። ውሸት አልነበረም፤ ተሰራጭተው እዚህ ተቀምጠዋል።

ጋሼ ከመሳቢያቸው ዕቃው ገቢ የተደረገበትን ቅጽ፣ ሞዴል 19ን፣ አወጡና ጣታቸውን ፊርማው ላይ አሳረፉ።

"ልጄ፣ ይህ ፊርማ የእኔ ነው። ኳሱ ቢፈነዳ ከእኔ ደመወዝ ነው የሚቆረጥ። አንቺ ነገ ትሄጃለሽ፤ እኔ ከሞዴሉ ጋር እቀራለሁ።"

ከዓመታት በፊት ለጠፋ አንድ የትምህርት ሬዲዮ ከደመወዛቸው ተቆርጦባቸው ያውቃል። የፈሩት ከመሬት ተነሥተው አልነበረም። እኔ ንፉግ ናቸው ብዬ ልወቅሳቸው ነበር የገባሁት፤ ስወጣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ዕቃ አስረክቤያለሁ፤ ዕቃው ሲያልቅ ማን እንደሚጠየቅ ግን ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። በቀጣዩ ሳምንት ሌሎቹን ስዞር ከስምንቱ በአምስቱ ተመሳሳይ ነገር አገኘሁ።

መፍትሔው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነበር። ኳስ፣ መረብና ገመድ ቋሚ ዕቃ ሳይሆኑ አላቂ ዕቃ ተብለው እንዲመዘገቡ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለስምንቱም ትምህርት ቤቶች እንዲጽፍ ጠየቅን። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ዕቃው በሞዴል 22 በስፖርት መምህሩ ስም ወጪ ይሆናል፤ የፈነዳ ኳስ ይመለሳል፤ በየመንፈቀ ዓመቱ ርዕሰ መምህሩ፣ ንብረት ክፍሉና መምህሩ በተፈራረሙበት ቃለ ጉባኤ ይወገዳል። ጋሼ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ማኅተሙን በብርሃን አዩት፤ ከዚያም ራሳቸው ኳሶቹን ነፉ። ዕቃ ከማከፋፈላችሁ በፊት ይህን ደብዳቤ አስጽፉ። ስታከፋፍሉም ቁልፉ ማን እጅ እንደሆነ፣ ያ ሰው በማይኖርበት ቀን ማን እንደሚከፍት ጠይቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምቆጥረውን ነገር ቀየርኩ። ኳስ መቁጠር ትቼ የተካሄደ ክፍለ ጊዜ መቁጠር ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ የክፍል አለቃ አንድ ደብተር ሰጠን፤ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲካሄድ ቀኑን ይጽፋል፣ ካልተካሄደም ምን እንደተተካበት ይጽፋል። ልጆች አያዳሉም። በአንድ ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ደብተር ላይ በወሩ ከነበሩት ስምንት ክፍለ ጊዜያት የተካሄዱት ሁለት ብቻ ሆነው አገኘሁ፤ በቀሩት ላይ "ሒሳብ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ" ይላል። ርዕሰ መምህሩም አልሸሸገም፤ "ክልላዊ ፈተናው ላይ ኳስ አይመጣም" አለኝ። እውነቱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ አካላቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል ብዬ ጠቀስኩለት። "ይህች ልጅ ትምህርት ቤት ለመምጣት ብቻ አንድ ሰዓት ትሄዳለች" ብሎ በመስኮት አሳየኝ። ለዚያ መልስ አልነበረኝም። ለስምንተኛ ክፍል ከሁለቱ ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ አንዱ እንዳይነካ ብቻ ተስማምተን ተለያየን። ግማሽ ድል ነው፤ ግን በደብተሩ ላይ ታይቷል።

ሌላም ሒሳብ ሠራሁ። አንድ ክፍል 65 ልጅ ይዟል፤ 40 ደቂቃ ነው፤ ስም ጠርቶ ሜዳ እስኪደርሱ አሥር ደቂቃ ይሄዳል። በአንድ ኳስ ተራ በተራ ቢጫወቱ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። የቀረው ጊዜ ቆሞ ማየት ነው። ስለዚህ ኳስ መጨመሩን ትተን ቡድን ማብዛት ጀመርን። አንዱ ቡድን ኳስ፣ አንዱ ገመድ ዝላይ፣ አንዱ መሬት ላይ በተጫረ መስመር ሰኞ ማክሰኞ፣ አንዱ ቅብብል ሩጫ። በታኅሣሥ ልጆቹ ራሳቸው የገና ዱላቸውንና ሩራቸውን ይዘው መጡ፤ መምህሩ ዱላው ከጉልበት በላይ እንዳይነሣ ደንብ አወጣና አንድ ወር ሙሉ ክፍለ ጊዜውን ሞላበት። ይህ ሁሉ የወሰደው ገንዘብ የለም ማለት ይቻላል፤ የለጋሹ ጎብኚ ግን ከሁሉም በላይ የወደደው ይህን ነው።

ስለ ሴት ልጆች አንድ ነገር ልበል። በበጀቱ ቁምጣና ካናቴራ ነበረ። ገዛን፣ አከፋፈልን፣ ማንም አልለበሰም። ካህናቱ ወይም ወላጆች ከለከሉ ብዬ ገመትኩ። አንዷን ልጅ ለብቻዋ ስጠይቃት፣ "እትዬ፣ ወንድሜ በዚያ በኩል ከብት ይዞ ያልፋል" አለችኝ። ነገሩ ይኸው ነው። በሁለተኛው ዓመት ሰፋ ያለ ቱታ በከተማው ልብስ ሰፊ አሰፋን፤ መቀየሪያ እንዲሆን ከመምህራን ማረፊያ አንዱን ክፍል መጋረጃ ሰቀልንበት። የወር አበባ የመጣባትም ሳትቀር መጣች። ቁምጣው ከመገዛቱ በፊት አምስት ልጆችን ብጠይቅ ኖሮ ገንዘቡ ይተርፍ ነበር።

የካቲት 2012 መጨረሻ ላይ የሩጫ ውድድር አደረግን። ሁዳዴ ገብቷል። 800 ሜትር ላይ ሁለተኛ የነበረች ልጅ መጨረሻው መስመር ሳትደርስ ተቀመጠች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። አምቡላንስ ልጠራ ስሯሯጥ ጓደኛዋ ቀና ብላ አየችኝና "ጾም ላይ ናት እኮ" አለችኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም። እኔም እኮ የምጾም ሰው ነኝ። ከዚያ በኋላ የጾም ወቅት፣ የአጨዳ ወር፣ የገበያ ቀንና ወርኃዊ በዓላት ያሉበትን ሌላ የቀን መቁጠሪያ ከለጋሹ ሰንጠረዥ ጎን ሰቀልኩ። ለውድድር የሚሆን ቀን ሲፈለግ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ያንን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

መጋቢት 7 ቀን በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ መንግሥት አወጀ። በእጃችን የሥልጠናና የውድድር ገንዘብ ነበረ። ለለጋሹ ቢሮ ደወልኩ፤ ጉዳያችንን የሚከታተለው ባለሙያ "ለእጅ መታጠቢያ ሮቶና ለሳሙና አድርጉት፣ ችግር የለውም" አለኝ። ቅን ሰው ነበር፤ እኔም ለቅን ነገር ነው የቸኮልኩት። ገዝተን በየትምህርት ቤቱ አስቀመጥን። በክረምቱ ባለሙያው ሥራ ቀየረ። ኦዲተሩ ሲመጣ የበጀት ዝውውሩ የተፈቀደበትን ደብዳቤ ጠየቀኝ። ስልክ ደውዬ ነበር አልኩ። ብዕሩን አስቀምጦ ዝም ብሎ አየኝ። 74,600 ብር "ተቀባይነት የሌለው ወጪ" ተባለ፤ ድርጅቱ ከራሱ ገንዘብ መለሰ። ሮቶዎቹ ቆመው ውኃ እየሰጡ ነው፤ ሳሙናው በሞዴል ገብቶ በሞዴል ወጥቷል፤ የጎደለው አንዲት ወረቀት ናት። ያንን ሳምንት ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬያለሁ። አንድም ብር አልነካሁም፤ ግን የሥራ ባልደረቦቼ ዓይን ውስጥ ጥያቄ አይቻለሁ፤ ከገንዘቡ በላይ የጎዳኝ እሱ ነው።

ስለዚህ በስልክ የተባለውን በዚያው ቀን በኢሜይል ጻፉት፤ "ዛሬ እንደተነጋገርነው ይህን ያህል ብር ከዚህ የበጀት ርዕስ ወደዚህ እንድናዛውር ተስማምተናል፤ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልን እንጠይቃለን" ብላችሁ። መልስ እስኪመጣ ግዥው ይቆይ፤ ዝምታን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት። ደረሰኝ ከሌለው አናጢ የባህር ዛፍ ጎል ስታሠሩም እንዲሁ፤ በፊርማ ወይም በአውራ ጣት አሻራ፣ በምስክርና በቀበሌ ማኅተም መክፈል እንደሚቻል አስቀድማችሁ ከለጋሹ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ።

ከዚያ ትምህርት ስለወሰድኩ ያለ ተጨማሪ ገንዘብ የስድስት ወር ማራዘሚያ ስጠይቅ በደብዳቤ ጠየቅሁ፤ ውሉ ሊያበቃ ሦስት ወር ሲቀረው። ተፈቀደ። በ2013 ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ልጆቹ በፈረቃ ይመጡ ስለነበር አንድ ክፍል ውስጥ 30 ልጅ ብቻ ተገኘ። የስፖርት መምህራኑ በሥራ ዘመናቸው እንደዚያ ያለ ክፍል አይተው አያውቁም። የተካሄደ ክፍለ ጊዜ ደብተራችን ላይ ከፍተኛው ቁጥር የተመዘገበው፣ ማን ያምናል፣ በዚያ በበሽታው ዓመት ነው።

በመዝጊያው ወር ንብረቱን ለትምህርት ቤቶቹ በቋሚነት የሚያስተላልፍ የርክክብ ሰነድ አዘጋጅቼ ዞርኩ፤ ለለጋሹ፣ ለወረዳው፣ ለትምህርት ቤቱ አንዳንድ ቅጂ። ጋሼ ጋ ስደርስ ከስድስቱ ኳስ አራቱ ፈንድተው በቃለ ጉባኤ ተወግደዋል፤ ሁለቱ ሜዳ ላይ ናቸው። ሰነዱን አንብበው ፈረሙና አራተኛ ቅጂ ጠየቁኝ።

"ለማን ነው ጋሼ?"

"ለእኔ ነዋ" አሉ፤ አጣጥፈው ከደብዳቤው ጋር በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት።